የክትባት ቀጠሮው የእድገት መጠየቂያም ይሁን

ሕጻን ልጅ ታቅፋ ጤና ኬላ የደረሰች እናት የምትጠየቀው የታወቀ ነው። ካርድሽን ይዘሻል? ስንት ወሩ ነው? ጡት በደንብ ይጠባል? ከዚያ ሕጻኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ በካርዱ ላይ ይጻፋል። እናትም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨመር የብዙ ልጆች የወደፊት ሕይወት ሊለወጥ ይችላል። ጥያቄው «ልጁ አሁን ምን ምን ማድረግ ጀምሯል?» የሚል ነው። ባለሙያው ከጠየቀ መልካም። ካልጠየቀ ግን ወላጅ ራሱ ሊናገረው ይገባል። የዛሬው ዓምዳችን መልእክት ይኸው ነው።

ጉዳዩ የመላ አገሪቱ ቢሆንም ዛሬ በተለይ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኙ አንባቢዎቻችንን እያሰብን እንጽፋለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው ከሚሴ የዞኑ ማዕከል ናት። በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሀረዋና በባቲ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው አርሶ አደርና ከብት አርቢ ነው። በበጋ ከብት ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮችም ከቦርከና ወንዝ ዳር ይሰፍራሉ። ሰኞ የባቲ ገበያ አለ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የሕጻን ቀጠሮ በቀላሉ ይዘለላል። የተዘለለው ቀጠሮ ደግሞ መርፌ ብቻ አይደለም፤ ልጁ በባለሙያ ዐይን የሚታይበት ዕድልም አብሮ ያልፋል።

ከሁሉ በፊት ዕድሜውን እንወቅ

የልጅ ዕድሜ በትክክል ካልታወቀ ስለ እድገቱ መነጋገር አይቻልም። በብዙ ቤት ሕጻን የተወለደበት ቀን የሚታወሰው በበዓል ወይም በአዝመራ ነው። «ረመዳን በገባ በሳምንቱ»፣ «ማሽላው ሲታጨድ» ይባላል። ይህ የሚናቅ አቆጣጠር አይደለም። ከረመዳን እስከ ረመዳን ያለው ጊዜ ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ «ዓመት ሞላው» ለማለት ይበቃል። በወራት ሲቆጠር ግን ስህተት ይበዛል። የ7 ወር ልጅ 9 ወሩ ነው ከተባለ እናት ያለ ምክንያት ትሰጋለች። የ9 ወሩ ልጅ 7 ወሩ ነው ከተባለ ደግሞ የዘገየ ልጅ ጤነኛ መስሎ ይታለፋል። ስለዚህ የልደት ቀኑን በክትባት ካርዱ ላይ ማስጻፍና ካርዱን እንደ ቤት ሰነድ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ከጊዜው 2 ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ 6 ወር ሲሞላው የሚጠበቅበት የ4 ወር ልጅ የሚያደርገውን ያህል ነው። ክትባቱ በተወለደበት ቀን ይቆጠራል፤ እድገቱ ግን የቀደመበት ጊዜ ተቀንሶ ይታያል።

ልጆች እኩል አይሄዱም፤ ገደብ ግን አለ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። አባባሉ ለብዙ ልጆች እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕጻናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ በ2006 ይፋ ያደረገው ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ጤነኛ ሕጻናት ያለ ድጋፍ መቀመጥ የጀመሩት ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር ከጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእጅና በጉልበታቸው መዳህ የጀመሩት ከ5 ወር እስከ 13 ወር ተኩል፣ ብቻቸውን መራመድ የጀመሩት ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ነው። ከ100 ሕጻናት 4 የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው ወደ መቆምና ወደ መሄድ ያለፉት። በቂጣቸው እየተጎተቱ ወይም በሆዳቸው እየተሳቡ የሚንቀሳቀሱ ልጆችም አሉ።

ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ የእናንተ ልጅ በ13 ወሩ አለመሄዱ በሽታ አይደለም። ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ጭንቀት እንጂ ጥቅም የለውም። ነገር ግን ከጥናቱ ሌላም ትምህርት እናገኛለን። የጊዜው ስፋት መጨረሻ አለው። 9 ወር አልፎት መቀመጥ ያልቻለ፣ 18 ወር ሞልቶት መራመድ ያልጀመረ ልጅ «ቀስ ይላል» ተብሎ የሚጠበቅ ሳይሆን ሊመረመር የሚገባው ነው። አባባሉ የሚያጽናናው ገደቡ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያዘናጋል።

በየቀጠሮው ምን እንመልከት?

ክትባት የሚጀምረው እንደተወለደ ነው። ከዚያ በ45 ቀኑ፣ በ2 ወር ተኩልና በ3 ወር ተኩል ይቀጥላል፤ 9 ወር ሲሞላው ደግሞ የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። እነዚህን ቀናት የእድገት መመልከቻ ማድረግ ቀላል ነው።

እንደተወለደ እግሩን፣ ጀርባውንና የራሱን ቅርጽ እዩለት። እግሩ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ፣ ቀጥሎም በልዩ ጫማ ሊስተካከል ይችላል። ይህ ሕክምና በአገራችን ይሰጣል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ግን ሕክምናው ይረዝምበታል፤ ይከብድበታልም።

በ45 ቀኑ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ሲያስተኙት ራሱን ለአፍታ ቀና ለማድረግ ይሞክራል። ፊታችሁን በዐይኑ ይከተላል፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል። 2 ወር ገደማ ሲሆነው ስታናግሩት ፈገግ ይላል። በ2 ወር ተኩሉ ሁልጊዜ ተጨብጠው የነበሩት እጆቹ መከፈት ይጀምራሉ። በ3 ወር ተኩሉ ቀጠሮ አንገቱ እየጸና መምጣቱን አረጋግጡ። 4 ወር ሲሞላው ታቅፋችሁት ራሱን ሳይወዛወዝ ይይዛል፤ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ በሆዱ ሲተኛ በክንዶቹ ደገፍ ብሎ ደረቱን ቀና ያደርጋል።

በ9 ወሩ ብቻውን ይቀመጣል። የያዘውን ነገር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውራል፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። ዓመት ሲሞላው ብዙ ልጆች ነገር ይዘው ተነስተው ይቆማሉ። ግድግዳ ወይም መደብ ይዘው ዳዴ ይላሉ፤ ትንሽ የእንጀራ ፍርፋሪ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ያነሳሉ።

ክብደትም አብሮ ይናገራል። በተለምዶ ጤነኛ ልጅ በ5 ወሩ ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ፣ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ቁመቱም በዓመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ምግብ ያልበቃው ልጅ ለመንቀሳቀስም አቅም ያጣል።

ያልተሞላው ክፍተት

ከላይ ያሉትን ቀጠሮዎች ያስተዋለ አንባቢ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። በ3 ወር ተኩሉና በ9 ወሩ የክትባት ቀጠሮዎች መካከል ከ5 ወር በላይ አለ። ልጁ መገላበጥ፣ እጁን ዘርግቶ መያዝና መቀመጥ የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ጡት ብቻ ከመጥባት ወደ ተጨማሪ ምግብ የሚሸጋገረውም በዚሁ መሃል፣ 6 ወር ሲሞላው ነው። ብዙ ለውጥ የሚታይበት ጊዜ ልጁ ከጤና ባለሙያ ዐይን ርቆ የሚቆይበት ጊዜ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ክፍተት መሙላት አዲስ ተቋም መገንባት አይጠይቅም። 6ኛው ወር ላይ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ይጀመራል፤ የሕጻኑን ክንድ በመለካት የምግብ እጥረት መኖር አለመኖሩን ማየትም ይቻላል። ስለዚህ «6 ወር ሲሞላው ጤና ኬላ እወስደዋለሁ» የሚል ቀጠሮ ወላጆች ለራሳችሁ ያዙ። በዚያ ቀን ለባለሙያዋ የምትነግሯት ይህ ይሁን፦ ከሆዱ ወደ ጀርባው ይገላበጣል? የሚፈልገውን ነገር እጁን ዘርግቶ ይይዛል? ሲያስቀምጡት እጁን መሬት ላይ ተደግፎ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል? ሲያጫውቱት ይስቃል? ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ከሌሉ ቀደም ያለ ምርመራ ያስፈልጋል።

የማይጠበቁ ምልክቶች

አንዳንድ ምልክቶች ቀጠሮ አይጠብቁም። 4 ወር ሞልቶት አንገቱ ያልጸና ልጅ፣ ሲያቅፉት እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ ወይም በተቃራኒው እንደ እንጨት የሚደርቅ ልጅ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ ልጅ በቶሎ ይታይ። ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝና ሌላውን የማይጠቀም ልጅ «ግራኝ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ በዚህ ዕድሜ አንድ እጅን ብቻ መምረጥ የሌላውን እጅ ድካም ሊያመለክት ይችላል። ለድምፅ የማይደነግጥ ወይም ዐይኑ ሰው የማይከተል ልጅም እንዲሁ። የራሱ መጠን በፍጥነት የሚያድግ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ እርግብግቢቱ የሚወጠር ልጅ በጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከሁሉ የበለጠ አሳሳቢው ደግሞ ያውቀው የነበረውን መተው ነው። ይቀመጥ የነበረ መቀመጥ ካቃተው፣ ይስቅ የነበረ መሳቅ ካቆመ አንድ ቀንም አይጠበቅ።

በምጥ ጊዜ የታፈነ፣ እንደተወለደ ያላለቀሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱና ዐይኑ በጣም ቢጫ የሆነ፣ ወይም ማጅራት ገትር ታሞ የዳነ ሕጻን ደህና ቢመስልም ለዓመት ያህል በቅርብ ሊታይ ይገባል። በእነዚህ ምክንያቶች የሚመጣ የአንጎል ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። የሚታወቀው መቀመጥና መቆም ሲዘገይ ነው። ጉዳቱን ማጥፋት ባይቻልም ቀድሞ የተጀመረ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ልጁ መቀመጥ፣ መብላትና መጫወት እንዲችል ይረዳል።

ፀሐይ ባለበት አገር ፀሐይ ያጣ ልጅ

የመቆምና የመሄድ መዘግየት ሌላው ምክንያት በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መሳሳት፣ ሪኬትስ ነው። እ.ኤ.አ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመና በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕጻናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት አስደንጋጭ ውጤት አሳይቷል። በሳንባ ምች ከታመሙት 500 ሕጻናት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕጻናት ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ናቸው። አጥንቱ የሳሳ ልጅ የሚዘገየው በመሄድ ብቻ አይደለም፤ የጎድን አጥንቱ ስለሚለሰልስ ትንፋሹም ይደክማል ማለት ነው።

ከሚሴን በመሰለ ሞቃት አካባቢ ፀሐይ አልጠፋም። የሚጎድለው ሕጻኑ ዐይን እንዳይበላው ወይም ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ተሸፋፍኖ በጨለማ ክፍል ሲቆይ ነው። ፀሐይዋ ሳትከር ጠዋት ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች እጅና እግሩን ገላልጦ ማሞቅ ይገባል። ዐይኑን ከቀጥታ ጨረር ጋርዱ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ ቅቤ መቀባትም ፀሐይን አይተካም።

ቢላዋ መልስ አይሆንም

ልጅ ሲከሳ፣ ሲያስቀምጠው ወይም እድገቱ ሲዘገይ «ግግ ነው»፣ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ አዋቂ መውሰድ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ገና አልቀረም። ግግ የሚባለው ገና በድድ ውስጥ ያለ የወተት ጥርስ ነው። ያንን በስለት ማውጣትም ሆነ እንጥል መቁረጥ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጣል፤ ሕይወትም ያሳጣል። ልጁ የተጠማው ፈሳሽ ወይም የጎደለው ምግብ ሆኖ ሳለ ቁስል ይጨመርበታል። የሚወዷችሁ አያቶች ይህን ቢመክሯችሁ አክብራችሁ ስሙ፤ ልጁን ግን ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

በቤት ውስጥ የሚደረገው

ልጅን ማዘል መልካም ባህላችን ነው። እግሮቹ ተከፍተው ወገባችሁን አቅፈው ሲታዘል ለዳሌው ይስማማዋል፤ አንገቱንም ያለማምዳል። እግሮቹን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ግን የዳሌ መገጣጠሚያን ሊጎዳ ይችላል። ሕጻን ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። ነቅቶ ሳለ ግን ሰው አጠገቡ ሆኖ በሆዱ አስተኙት፤ አንገቱና ክንዱ የሚጠነክረው እንዲህ ነው። ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። ንጹሕ ምንጣፍ፣ የታጠበ ማንኪያ፣ ሲንኳኳ የሚጮህ ጣሳና የሚያናግረው ሰው ይበቃዋል። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ አናግሩት፤ ሁለቱንም መስማት አያደናግረውም። የሕጻን መሄጃ እየተባለ የሚሸጠው ባለ ጎማ ወንበር መሄድን አያፋጥንም፤ ለአደጋ ግን ያጋልጣል።

መዳህ የጀመረ ልጅ እሳት አያውቅም። ምድጃው ይከለል፤ ጀበናውና የፈላ ውሃው እጁ ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ውሃ የተሞላ ባልዲና የሳፋ ውሃ ይከደን። እንደ ጨፋ ባሉ የወባ አካባቢዎች ደግሞ ሕጻኑ ዘወትር በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ልጅ ቢድንም የእንቅስቃሴ ጉዳት ሊቀርበት ይችላል።

ልጅን አንደብቅ

በመጨረሻ ከባዱን ነገር እንናገር። እድገቱ የዘገየ ልጅ በብዙ ቤት ከሰው ዐይን ይሰወራል። እናትየው «ምን ይሉኝ ይሆን» ትላለች፤ ዘመድ ደግሞ እርግማን ወይም ቁጣ ነው ይላል። የልጁ መዘግየት የእናት ጥፋት አይደለም። ሕክምና መፈለግም ከእምነት ጋር አይጋጭም። የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ይህን በግልጽ ቢናገሩ የስንት ልጅ በር ይከፈታል! አባቶችም ቀጠሮውን የእናት ብቻ አታድርጉት። ልጁን ያዙ፣ ካርዱን አንብቡ፣ ያያችሁትን ተናገሩ።

እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል፤ ክትባቱም በነጻ ነው። የጎደለው ጥያቄው ነው። የዞኑ የጤና አመራሮች በየጤና ኬላው ከሚዛኑ አጠገብ ይህን ጥያቄ ቋሚ ቢያደርጉት፣ የ6ኛ ወር ቀጠሮንም ከክትባት እኩል ቢያስጽፉት ከወጪው ጥቅሙ ይበልጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የውጭ የእድገት መመዘኛን ለአገራችን ልጆች አስማምተው አቅርበዋል፤ ስለዚህ ለባለሙያ የሚሆን መሣሪያም በአገር ውስጥ አለ። ልጁ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ሲላክ ደግሞ «ይደርሳል» ብሎ ከመመለስ መርምሮ መናገር ይገባል።

እናንተስ? የሕጻናችሁን ካርድ ዛሬ ማታ አውጡና ቀጣዩን ቀጠሮ እዩ። ከዚያ ልጁን ምንጣፍ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ የሚያደርገውንና ገና ያልጀመረውን በልባችሁ ያዙ። በቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ ባትጠይቃችሁም ንገሯት።